የቀይ ቀበሮው ካርታ ለማን ተሠራ?

የባሌ ተራሮችን የወደፊት የአየር ንብረት የሚያሳይ ካርታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ የሚሄድ፣ ጥግ ላይ «2070» የተጻፈበት። ያምራል። ግን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሐምሌ 1 ለሚጀምረው በጀት ዓመት ምን ሊወስንበት ይችላል?

የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ምድርን በአራት ማዕዘን ይከፍላሉ፤ የአንዱ ጎን ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓርኩ በሙሉ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። ታዲያ ዝቅ ብሎ ያለው የሐረና ደንና 4,377 ሜትር ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ በምን ሒሳብ አንድ ቁጥር ይጋራሉ? ካርታው ወደ 1 ኪሎ ሜትር ሲጠራስ ዝርዝሩ ከየት መጣ? ከጥቂት ጣቢያዎች ተነስቶ በስሌት የተሞላ ከሆነ፣ ለተመልካቹ ለምን አይነገረውም?

ዝናቡማ ይብሳል። ሞዴሎቹ የምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ወደፊት ይጨምራል ሲሉ፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት መሬት ላይ የታየው በአመዛኙ መቀነስ ነው። ይህን ሁሉ በአማካይ አጣፍቶ አንድ ሰማያዊ ቀለም መቀባት ምን ይባላል? ሞዴሎቹ የማይስማሙበትን ቦታ በጭረት መለየት የታወቀ ዘዴ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ፓነል ሪፖርቶችም ይጠቀሙበታል።

የሚያንገበግበኝ ግን የቀበሮውና የውሻ ጉዳይ ነው። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የ2 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ማለት የገብስ ማሳ 300 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ማሳው ሲወጣ ከብቱ ይወጣል፤ ከብቱን ተከትሎ ውሻ፣ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ። በሽታው ደጋግሞ የቀበሮ መንጋ ጨርሷል። ታዲያ «ለቀበሮው ተስማሚ አየር» ብቻ የሚያሳይ ካርታ ማረሻው የት እንደደረሰ፣ ውሾች በየትኛው መንደር እንደሚበዙ ለምን ይተዋል? ክትባት ይዞ የሚሄደው ሰው የትኛውን መንደር ማስቀደም እንዳለበት ከየት ያንብበው?

መግለጫውስ በማን ቋንቋ ነው? ገበሬው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ መሬቱን በሙቀትና በከፍታ ለይቶ ካስቀመጠ ስንት ዘመኑ። «የውርጩ መሬት እስከዚህ ይጠባል» ማለት ምን ይከብዳል? በተራራው ላይ የሚውለው የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ሆኖ ሳለ የካርታው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ሞክሩ። ያንን ባለቀለም ካርታ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አንሱት፤ በየቢሮው የሚዞረው ኮፒው ነውና። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጡ ይሆናል። አሁን የቀበሮው ቦታ የቱ ነው?