100 ዋቱን ተወው



ሐሙስ ማታ የፈተና ወረቀት እያረምኩ መልእክት ገባልኝ። የድሮ ተማሪዬ ነው። አሁን አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ብሉዝ ይጫወታል። "ቲቸር፣ እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው። የጊታር አምፕ ላምጣልህ ብላኛለች። አንድ 100 ዋት የቲዩብ አምፕ አይቻለሁ። የእሷን የብዙ ወር ቁጠባ ይበላል፤ ግን አንዴ ነው የሚገዛው ብዬ ነው። ምን ይሉኛል?" ይላል።

ሁለት መስመር ልመልስለት ጀመርኩና እጄ አልቆም አለኝ። ይህን ጥያቄ ከሌሎቻችሁም በየጊዜው ስለምሰማው፣ እዚሁ ልጻፈው ብዬ አስፈቀድኩት። ስሙን አልጠራም። ከእሱ ጋር ግን የቆየ ዕዳ አለብኝ፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መልሴ አጭር ነው። 100 ዋቱን ተወው። ለብሉዝ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዋት ያላት ትንሽ የቲዩብ አምፕ ትበቃሃለች። ትበቃሃለች ብቻ ሳይሆን ትሻልሃለች። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የዋቱን ነገር እንጨርስ። ብዙ ሰው 100 ዋት ከ5 ዋት ሃያ እጥፍ ይጮኻል ብሎ ያስባል። አይደለም። ክፍል ውስጥ ዴሲቤል ስናስተምር የምትረሱት ይቺን ነው፤ የጆሯችን አሰማም እንደ ሎጋሪዝም ነው። ኃይሉን እጥፍ ብታደርገው የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮህ "እጥፍ ጮኸ" እንዲል ኃይሉን አሥር እጥፍ ገደማ ማድረግ አለብህ። ስለዚህ 50 ዋት ከ5 ዋት የሚጮኸው እጥፍ ያህል ነው፤ 100 ዋት ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሃያ እጥፍ ኃይል ገዝተህ የምታገኘው ከእጥፍ ትንሽ የበለጠ ጩኸት ነው ማለት ነው። ደሞ 5 ዋት ትንሽ እንዳይመስልህ። ደህና ስፒከር ካለው፣ አንድ ሜትር ላይ ቆመህ ስትሰማው 100 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። ተራ ወሬያችን እኮ 60 ገደማ ነው።

አሁን ወደ ቶን እንምጣ። ቲዩብ፣ አባቶቻችን በድሮ ሬዲዮ ውስጥ የሚያውቁት ያ የሚግለው ቫልቭ፣ ዋናው ውበቱ ሲጨነቅ የሚያደርገው ነገር ነው። ከአቅሙ በታች ሲሠራ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ወደ አቅሙ ጫፍ ስትገፋው ግን የሞገዱ አናት በአንዴ አይቆረጥም፤ ቀስ እያለ ይደፋል። ድምፁ ይወፍራል፣ ትንሽ ይሻክራል፣ ይሞቃል። ክሩን በስሱ ስትነካው ይጠራል፤ ጠበቅ አድርገህ ስትመታው ያለቅሳል። ይሄ ሁሉ ከአንድ ቁልፍ ሳይሆን ከጣትህ የሚመጣ ነው። የብሉዝ ሰዎች የሚወዱት ይሄንኑ ነው።

ታዲያ ይሄ እንዲመጣ አምፑ መገፋት አለበት። 100 ዋቱን እቤትህ እስከዚያ ድረስ ልትገፋው አትችልም። ቮሊዩሙን ሁለት ላይ አድርገህ ዕድሜ ልክህን ትኖራለህ፤ ያ ውድ ቲዩብ አንድም ቀን ሳያልበው ያረጃል። ትንሿን ግን አምስት ስድስት ላይ ስታደርሳት መዝፈን ትጀምራለች።

ታሪኩንም ብናይ እንደዚሁ ነው። ማዲ ዋተርስ በ1943 ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ ሲሄድ የገጠር ጊታሩ በመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ውስጥ አልሰማ አለ፤ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ዞረ። በዚያ ዘመን የነበሩት አምፖች አብዛኞቹ ትንንሽ ስለነበሩ፣ ሰዎቹ ለመሰማት ሲሉ ቁልፉን ወደ ጥግ ያዞሩት ነበር። ዛሬ "የብሉዝ ቶን" ብለን የምናመልከው ድምፅ ከዚያ እጥረት የተወለደ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የነበረችውን ፌንደር ቻምፕ ውሰዱ፦ 5 ዋት ገደማ፣ 8 ኢንች ስፒከር፣ ሦስት ቲዩብ፣ የምታዞረው አንድ የቮሊዩም ቁልፍ። በቃ። ኤሪክ ክላፕተን በ1970 "ሌይላ" የተባለውን አልበም ሲቀዳ የተጠቀመው እንደዚህ ባሉ ትንንሽ ቻምፖች ነው። ያን አልበም የሰማ ሰው ግን የሚገምተው ግድግዳ የሚያክል ስፒከር ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እኔም በጊዜዬ ትልቅ ነው የፈለግሁት። ደመወዝ ከደመወዝ እያጠራቀምኩ፣ በዘመድ በኩል ከአሜሪካ የመጣ አንድ ያገለገለ 40 ዋት የቲዩብ አምፕ ገዛሁ። የምኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ገና ቮሊዩሙን ወደ ሦስት ስወስደው አከራዬ እማማ በመቋሚያቸው በሩን ይቆረቁራሉ። "ልጄ፣ ሰው ታሞብሃል እንዴ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አምፑን አንድም ቀን እንደ አምፕ ሳልሰማው ኖርኩ። ያ ሁሉ ገንዘብ ጊታሬን ማሳረፊያ ጠረጴዛ ሆነ።

ሌላም ችግር ነበረው። አምፑ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220። በትራንስፎርመር ነበር የምጠቀመው። አንድ ቀን ፊውዙ ተቃጠለ። ልኩን ከተማው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ፊውዙን በሽቦ ጠመጠምኩት። ፊውዝ ለምን እንደሚያገለግል በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የማስተምር ሰውዬ!

ከዚያ የወላጆች ቀን መጣ። ልጆቹ በሚኒ ሚዲያ በኩል ሙዚቃ አዘጋጅተዋል፤ እኔም አምፑን ለትምህርት ቤቱ አመጣሁ። የሞንታርቦውን ገመድ ላስተካክል ዞር እንዳልኩ አንድ ተማሪ ሊያግዘኝ ብሎ የአምፑን ሶኬት ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። መጀመሪያ ጉምጉምታ፣ ቀጥሎ ሽታ፣ ከዚያ ጭስ። ፊውዙ ልኩ ቢሆን ኖሮ በሰከንድ ተቃጥሎ አምፑን ያድነው ነበር። የእኔ ሽቦ ግን አልተቃጠለም። የተቃጠለው የአምፑ ዋና ትራንስፎርመር ነው።

ስለዚህ እህትህ ሻንጣዋን ከመዝጋቷ በፊት እነዚህን አስተውል።

አንደኛ፣ ቮልቴጁ። አሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው የቲዩብ አምፕ 120 ቮልት ብቻ ነው። እንደ ስልክ ቻርጀር በሁሉም ቦታ የሚሠራ እንዳይመስልህ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስታ ትላክልህ። 120 ብቻ ከሆነ ጥሩ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፤ 15 ዋት ስለተባለ ደግሞ ከግድግዳ የሚስበው 15 ዋት ነው ብለህ እንዳትሸወድ። ቲዩቦቹን ማጋያው ብቻ ብዙ ይበላል። ለእንደዚህ ዓይነት አምፕ 300 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያዝ። ሶኬቱ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም "120" ብለህ ጻፍበት። እኔ ያልጻፍኩትን። የሚመጣልህ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልነበረ።

ሁለተኛ፣ መለዋወጫ። ቲዩብ እንደ ጫማ ሶል ያልቃል። ዛሬ በዓለም ላይ በዋናነት የሚመረተው ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ነው፤ እኛ ሰፈር ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ፈልገህ አታገኘውም። ስለዚህ የተለመዱ ቲዩቦች ያሉትን አምፕ ምረጥ። ለምሳሌ ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር 15 ዋት ነው፤ ሁለት ኢኤል84 እና ሦስት 12ኤኤክስ7 ይዟል፤ ስፒከሩ 12 ኢንች ነው። እነዚህ ቲዩቦች በየአገሩ ይሸጣሉ። ለእህትህ አንድ ጥንድ ኢኤል84፣ አንድ 12ኤኤክስ7 እና ልኩ የሆነ ፊውዝ ጨምሪልኝ በላት። ሁሉም ተጠቅልሎ ካልሲ ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛ፣ መብራቱ። መብራት ሲጠፋ ወዲያው አምፑን አጥፋው። ሲመለስ ከፍና ዝቅ ማለቱን እስኪያቆም ታገስ። ስታብላይዘር ካለህ እሰየው።

አራተኛ፣ እባክህን አትክፈተው። ቲዩብ አምፕ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ይኖራል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ላይ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። ስፒከሩን ነቅለህም እንዳታበራው፤ የመውጫው ትራንስፎርመር ይበላሻል።

5 ወይስ 15? እቤት ለመጫወትና ለመቅዳት ከሆነ 5። እሷም ብትሆን እስከ ጥግ ስትዞር አከራይ ታስነሳለች፤ ወደ 1 ዋት የሚቀንስ ማብሪያ ያለው ብታገኝ ጥሩ ነው። ከድራም ጋር ከሆነ 15 ያዝ። 5 ዋት ከድራመር ጋር ድምፁ ጥርት እንዳለ መቆየት አይችልም። መድረክ ካገኘህ ደግሞ ፊቷ ማይክ አቁመህ ወደ ሞንታርቦው ስደዳት። አዳራሹን የሚሞላው ሞንታርቦው ነው፤ የአምፗ ሥራ ቶኑን መስጠት ነው።

አሁን ከመሃላችሁ አንዱ "ቢቢ ኪንግስ?" ሊለኝ ነው። ልክ ነህ። ቢቢ ኪንግ ለረጅም ዘመን የተጫወተው ላብ ሲሪስ ኤል5 በተባለ አምፕ ነው፤ እሱ ቲዩብ የሌለው የትራንዚስተር አምፕ ነው፣ ዋቱም ትልቅ ነው። ንጉሡ በትራንዚስተር ያን ካደረገ፣ ቲዩብ ከሌለኝ ብሉዝ አልችልም የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው። ገንዘቡ ከሌላችሁ ባላችሁ ተጫወቱ፤ አያሳፍርም። እኔ ራሴ ዛሬ የምጫወተው በርካሽ የትራንዚስተር አምፕ ነው። እኛ ወሎዎች ደግሞ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ጆሯችን ውስጥ አለ፤ አምስቱ ድምፆቹ ብሉዝ ተጫዋቾች ማይነር ፔንታቶኒክ ከሚሉት ጋር አንድ ናቸው። ክራር የያዘ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዶታል። እኔ እያልኩ ያለሁት፣ ቲዩብ ለመግዛት ከወሰናችሁ ለታይታ አትግዙ ነው። ትንሽ አምፕ መደበቂያ የለውም። ጣትህ ሲሰንፍ ወዲያው ይነግርሃል፤ ሲጎብዝም ይከፍልሃል።

እና ደግሞ የእህትህን ገንዘብ አስብ። እሷ እዚያ እንዴት እንደምትሠራ አንተ ታውቃለህ። ከትንሿ አምፕ የሚተርፈውን ጥሩ ክርና ኬብል ግዛበት፤ የቀረውን ለራሷ ይሁናት።

አሁን ዕዳዬን ልክፈል።

ያን ቀን ሶኬቱን የሰካኸው አንተ ነበርክ። በወላጆች ፊት፣ እናትህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እያዩ፣ ጮኽኩብህ። "ዓይን የለህም?" አልኩህ። ከዚያ በኋላ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ወደ ክበቡ አልመጣህም። እኔም ማታ አምፑን ስከፍተው ሽቦዬን አየሁት፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም። አምፑ የተቃጠለው በእኔ ስንፍና እንጂ በአንተ ጥፋት አልነበረም። አንተ ልታግዘኝ ነበር የመጣኸው። በሰው ፊት ስለጮህኩብህ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። እናትህንም ይቅርታ ጠይቅልኝ።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ በዲፕሎማ የማስተምር መምህር ነኝ። ካጠፋሁ እርሙኝ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉ። አንተ ደግሞ ትንሿ አምፕ ስትመጣ አንድ ቀን ይዘሃት ና። ሶኬቱን አንተ ትሰካለህ። ፊውዙን እኔ አያለሁ።

ቸር ያገናኘን።