የእንጨት ብናኝና የአገልጋዮች እስትንፋስ



በዚህ የእጅ ሥራ ዓምዳችን ስለ እንጨት ምርጫና ስለ መሣሪያ አያያዝ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ በሥራ ክፍላችን ስለምንተነፍሰው አየር እንነጋገራለን።

በአሕመዲ ያለችው የማኅበራችን የእንጨት ሥራ ክፍል ጠባብ ናት። ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ወርዷ 4 ሜትር፣ ቁመቷም 2 ሜትር ተኩል ነው። ከእርሷ የሚወጡትን የእጅ መስቀል፣ መቋሚያና አትሮንስ ብዙዎቻችሁ በበረከትነት ወስዳችኋል። ለረጅም ዘመን መስቀል ሲጠርቡ የኖሩት አባታችን ግን ባለፈው ዐቢይ ጾም ሳል እየጠናባቸው ዜማውን በመካከል አቋርጠው ሲቀመጡ አየናቸው። ሐኪሙም ከብናኝ እንዲርቁ መከራቸው። ሥራቸውን ፈጽመው ይተዉ ወይስ ክፍሉ ይስተካከል? ማኅበራችን የመከረበት ጉዳይ ይህ ነበር።

በሀገራችን ቢሆን መልሱ ቀላል ነው፤ እንጨት የሚጠረበው ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም በሩ ወለል ባለ ቤት ነውና። በአሕመዲ ግን በር መክፈት አንዱን ብናኝ በሌላ መለወጥ ነው። ይህች ከተማ የኩዌት ነዳጅ ኩባንያ በ1940ዎቹ ለሠራተኞቹ የቆረቆራት፣ ስሟንም ከሼክ አሕመድ አል ጃቢር አል ሳባሕ ያገኘች ናት። በአጠገቧ ታላቁ የቡርጋን የነዳጅ መስክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በኩዌት ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች በጦርነቱ ተቃጥለው ሰማዩ ለወራት በጢስ ተሸፍኖ ነበር። ዛሬ ጢሱ ባይኖርም በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው የሸማል ነፋስ የበረሓውን አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ሙቀቱም ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ በሩን ዘግተን ኤሲ እንከፍታለን። ኤሲው ደግሞ ያንኑ አየር ያዞራል እንጂ አያጠራውም፤ ወንፊቱ ሻካራውን ብቻ ይይዛል።

ማስክ ማድረግ አይበቃምን የሚል ይኖራል። ጢም ለሌለው ሰው ኤፍ ኤፍ ፒ 2 የተባለው ማስክ ፊቱ ላይ በትክክል ከገጠመ በእጅጉ ይጠቅማል። በጢም ላይ ግን ማስክ አይገጥምም፤ አየሩ በጠርዙ በኩል ሾልኮ ይገባል። ራስን የሚሸፍንና በባትሪ የተጣራ አየር የሚነፋ ቆብ መሰል መሣሪያ ለባለ ጢም ይሆናል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ስለዚህ እንደ እኛ ባለ ማኅበር ውስጥ የክፍሉን አየር ማጥራት ከሌላው ሰው ሥራ ቤት ይልቅ አስፈላጊ ነው።

በወለል ላይ የምናየው ሰጋቱራ ዋናው ጠላት አይደለም፤ ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይወድቃል። የሚጎዳው ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስናስብ የብናኙን ደቃቅነት እንረዳለን። ከዚህም የደቀቀው ለሰዓታት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ወደ ሳንባ ጥልቅ ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል፤ በተለይ የአፍንጫን ውስጥ ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረትም ለጠንካራ እንጨት ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ2 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይሆን ወስኗል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ብናኙን ከምንጩ መያዝ ነው። መሮና መላጊያ ፍቅፋቂ ያወጣሉ፤ ደቃቁን ብናኝ በብዛት የሚያወጣው የማለስለሻ ማሽን ነው። ስለዚህ የማሽኑን ማውጫ በቱቦ ከቫኪዩም ጋር ማገናኘት ከማንኛውም የአየር ማጣሪያ ይቀድማል። ማጣሪያው የሚሠራው ከዚያ ያመለጠውን ነው። ብናኙ ገና ከማሽኑ ሲወጣ በሠሪው አፍንጫ በኩል ያልፋልና በጣሪያ ላይ የተሰቀለ ማጣሪያ ሊቀድመው አይችልም።

ሁለተኛው ልክን ማወቅ ነው። የክፍላችን ይዘት 5 በ4 በ2.5፣ ማለትም 50 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት 8 ጊዜ እንዲጣራ ብንፈልግ በሰዓት 400 ሜትር ኩብ የሚስብ ማራገቢያ ያስፈልገናል። ነገር ግን በማራገቢያው ላይ የተጻፈው ቍጥር ፊልትሮ ሳይኖርበት የተለካ ነው፤ ስለዚህ እጥፉን፣ 800 ያህል የሚለውን መረጥን። ከአሜሪካ የሚመጡት በ120 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ የኩዌት መብራት 240 ቮልት ስለሆነ ይህንም አይተን መግዛት ይገባናል።

ሦስተኛው የፊልትሮው ዓይነት ነው። ሄፓ እጅግ ደቃቁን ይይዛል፤ ለብቻው በእንጨት ቤት ቢደረግ ግን ቶሎ ይደፈናል። እኛ ፊት ለፊት ጂ 4 የተባለውን ርካሽ ፊልትሮ፣ ከኋላው ኤፍ 7 ወይም ሜርቭ 13 የተባለውን እናደርጋለን። ሜርቭ 13 ከ3 እስከ 10 ማይክሮን ካለው ብናኝ ቢያንስ 90 በመቶውን፣ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ካለው ደግሞ ቢያንስ 85 በመቶውን ይይዛል።

አሠራሩን በወረርሽኙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አሜሪካውያኑ ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል ካስተዋወቁት ሣጥን ወሰድን። አራት ፊልትሮዎች እንደ ግድግዳ ይቆማሉ፤ ከታች ኮምፔንሳቶ ይዘጋዋል፤ ከላይ ማራገቢያው አየሩን ወደ ውጭ ይገፋል። ፊልትሮው ከማራገቢያው በፊት ስለሚገኝ ሞተሩ ከብናኝ ይጠበቃል። አራት መሆናቸውም ለውበት አይደለም፤ አየሩ በሰፊ ገጽ ሲከፋፈል ማራገቢያው አይጨነቅም፣ ፊልትሮውም ዕድሜ ያገኛል። መጋጠሚያው ሁሉ በፕላስተር ይታሸግ፤ አየር ምንጊዜም ቀላሉን መንገድ ይመርጣልና።

ሣጥኑ ከሥራ ጠረጴዛው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ብናኙ ወደ እርሱ ሲሄድ በሠሪው ፊት እንዳያልፍ ይታይ። ከሥራ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሥራ። ፊልትሮውን በክፍሉ ውስጥ ማራገፍ የያዘውን መልሶ መበተን ነው፤ የአየሩ ግፊት ሲደክም ይለወጥ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አንጥረግ። የቫርኒሽ ሽታ በዚህ ማጣሪያ አይወገድም። የእንጨት ብናኝ እሳት ስለሚይዝም በዚያ ክፍል ጧፍ አይብራ፣ ዕጣንም አይጢስ።

ማኅበራችን ይህን ሁሉ ከመከረ በኋላ ሣጥኑን ሠርቶ አቁሟል፤ ቫኪዩሙንም ከማሽኑ ጋር አገናኝቷል። ማለስለሱን ማስክ የሚገጥማቸው ወጣቶች ተረክበዋል፤ እነርሱ ሲያለሰልሱ አባታችን ወደ ክፍሉ አይገቡም። ከዚያ ውጭ በመሮ የሚሠራውን ይዘው መስቀል መጥረባቸውን ቀጥለዋል። ሳላቸው ጠፍቷል ብለን አንጽፍም፤ ሳንባ የለመደውን ቶሎ አይተውም። ይህን ቀድመን ልናስብላቸው ይገባን ነበር፤ ስለ ዘገየነው ይቅር በሉን። በሌሎች ገዳማትና አድባራት መስቀልና መቋሚያ የምትሠሩ አባቶችና ወንድሞች ግን ሳሉ እስኪጀምር አትጠብቁ። ተሳላሚ በእጁ ይዞት የሚሄደው መስቀል የጠራቢውን እስትንፋስ የሚያሳጥር መሆን የለበትም።