የማይደቀቀው ክኒን

ኦክሲኮንቲን የተባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ክኒኑ መድኃኒቱን በ12 ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ነገር ግን አንዳንዶች ፈጭተው በአፍንጫቸው ሳቡት፤ በውኃ በጥብጠውም በመርፌ ወሰዱት። እንዲህ ሲደረግ የ12 ሰዓቱ መጠን ባንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል፤ ትንፋሽን አዳክሞም ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ በ2010 ክኒኑ እንዲጠነክር ተደረገ። በቀላሉ አይደቅም፤ ውኃ ሲነካውም ይዝለገለጋል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ለመፍጨት ያስቸግራል ማለት ሱስ አያስይዝም ማለት አይደለም። ከታዘዘለት በላይ የሚውጥን ሰው ጥንካሬው አያግደውም።

ታዲያ ሕመምተኛው ምን ያድርግ? ክኒኑን ሳይሰብርና ሳያኝክ ይዋጥ። ሕመሙ ካልታገሠለት በራሱ ፈቃድ መጠኑን አይጨምር፤ ሐኪሙን ያማክር። ለረጅም ጊዜ ከወሰደም በድንገት አያቋርጥ፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለታል። ለሌላ ሰው አያካፍል። ቤተሰብም መድኃኒቱን ቆልፎ ያስቀምጥ፤ ለሕፃን አንዲት ፍሬ እንኳ ሞት ልታስከትል ትችላለች። በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደውን ሕመምተኛ ግን «ሱሰኛ» እያሉ ማሸማቀቅ ተገቢ አይደለም።