በሞዴል 19 ያልገባው ንብረት፦ የዶሜን ስም በመሥሪያ ቤቶቻችን

በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ በግምጃ ቤት አንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ቢገዛ ወንበሩ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለሠራተኛ ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ሠራተኛው ሲለቅም ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም። ይህ ሥርዓት በአገሪቱ ወረዳዎች ሁሉ የታወቀ ነው፤ የከተማዋ ስም ራሱ ንብረት የሚጠበቅበትን ቤት ማመልከቱም ለነገራችን የተመቸ አጋጣሚ ነው። መሥሪያ ቤቱ በዓለም ፊት የሚታወቅበት የድረ ገጽ ስም፣ ማለትም ዶሜን፣ ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ ቦታ ሲሰጠው አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ዶሜን እንደ ወንበሩ ሁሉ ተቆጥሮ ሊያዝና ሊረከቡት የሚገባ የሕዝብ ሀብት ነው የሚል ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አነጋገር መታረም አለበት። «ዶሜን ገዛን» እንላለን እንጂ ዶሜን አይገዛም፤ ለተወሰነ ዓመት ይከራያል። በመዝጋቢው ድርጅት ዘንድ ባለመብት ሆኖ የሚታየውም ገንዘቡን ያወጣው ሳይሆን ስሙና የኢሜይል አድራሻው በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰው ነው። በየአካባቢያችን የሚታየው አሠራር አደጋ የሚፈጥረውም እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ስለሌለው ድረ ገጹን የሚሠራው ወጣት ባለሙያ ስሙን በራሱ ኢሜይልና በወዳጁ ካርድ ያስመዘግባል። ክፉ ሐሳብ የለበትም፤ እንዲያውም ውለታ ነው። ባለሙያው ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ለውጦ ሲሄድ ግን ላፕቶፑን እንጂ የይለፍ ቃሉን አስረክብ የሚለው የለም። የዕድሳት ማሳሰቢያውም ማንም በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

እንደ ነጥብ ኮም ባሉት ዓለም አቀፍ ስሞች ላይ የሚሆነው የታወቀ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የችሮታ ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ቀጥሎ ከፍ ባለ ክፍያ ብቻ የሚመለስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ከ5 ቀን በኋላ ስሙ ይሰረዝና ቀድሞ ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ይህ የድሃ መሥሪያ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ማይክሮሶፍት የፓስፖርት አገልግሎቱን ስም ማደስ ረስቶ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች ሲቸገሩ 35 ዶላር ከኪሱ ከፍሎ ያሳደሰው አንድ የውጭ ፕሮግራመር ነበር። ያ ሰው ቅን ሆኖ ተገኘ። የተጣለ ስም የሚያነሣ ሁሉ ግን ቅን አይደለም፤ የቁማር ማስታወቂያ የሚለጥፍበትም አለ።

ጉዳዩ እኛን ተመራማሪዎችን በቀጥታ ይነካል። በመመረቂያ ጽሑፋችን ዋቢነት የጠቀስነው የአንድ ቢሮ ሪፖርት አድራሻ ነገ ወደ ቁማር ገጽ ቢወስድ ፈታኙ የሚጠይቀው እኛን ነው። ዲኦአይ የተባለው ቋሚ መለያ መድኃኒት ይመስላል፤ ነገር ግን መለያው የሚያመለክተው አድራሻ ሲለወጥ አሳታሚው ራሱ ማስተካከል አለበት። ስሙን የጣለ መጽሔት ይህን ያስታውሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ነጥብ ኢቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ለኢትዮጵያ የተሰጠ መለያ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በሥሩ ለመንግሥት፣ ለትምህርት፣ ለንግድና ለሌሎች ተቋማት የተለዩ ዘርፎች አሉት። ደብዳቤ መጻፍን ይጠይቃል፣ በአምስት ደቂቃም አያልቅም የሚለው ወቀሳ እውነት አለው። እኔ ግን ለመንግሥት ተቋም ይህ መዘግየት ራሱ አጥር ነው እላለሁ፤ ካርድ ያለው ሁሉ የመንግሥትን መለያ ሊወስድ አይችልምና። ክፍያው በብር መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚታደስ ስም በብር ሲሰላ ምን ያህል እንደ ከበደ የሞከረ ያውቀዋል።

ስም ሀብት መሆኑን አገራችን በቡናዋ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተደረገው ጥረት የተነሣው ክርክር ከስታርባክስ ጋር በስምምነት የተቋጨው በ2007 ነበር። በዶሜን ክርክርም ነገሩ ይመሳሰላል። ከ1999 ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት አቤት ባይ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ማስረዳት አለበት፦ ስሙ መብት ካለው ምልክት ጋር የሚያምታታ መሆኑን፣ የያዘው ሰው ሕጋዊ ጥቅም የሌለው መሆኑንና ስሙ በክፉ ልቡና ተመዝግቦ ጥቅም ላይ መዋሉን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ስሙን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በንግድ ምልክትነት ቢያስመዘግብ የመጀመሪያውን ነጥብ ማስረዳት ይቀልለዋል።

በራሳችን ፊደል ስም ማስመዝገብስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የግዕዝ ፊደል በበይነ መረቡ የስሞች ሥር ላይ የሚሠራበት ደንብ ወጥቷል፤ ኢትዮጵያ ግን በፊደሏ የተጻፈ የአገር መለያ ገና የላትም። ሥራው ቀላል አይደለም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ከ«ፀ»ና «ጸ»፣ ከ«ሀ» «ሐ» «ኀ» እና ከ«ሃ» «ሓ» «ኃ» ጋር ሲባዛ በ12 መልክ ይጻፋል፤ አንዱን ብቻ የያዘ ለአስመሳይ 11 በር ይከፍታል። ለአማርኛ ሲባል አንድ ከተደረጉት ፊደላት አንዳንዶቹ ደግሞ ለትግርኛ ልዩ ልዩ ድምፆች ናቸው። የአዊ ሕዝብ ቋንቋ ስም፣ አውጚ፣ ራሱ አማርኛ የማይሠራበትን የ«ጘ» ዘር ይዟል። ለቋንቋና ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች በጋራ የሚሠራ የመመረቂያ ርእስ ይወጣዋል።

እስከዚያው ድረስ ወረዳዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ወጪ የለውም። ምዝገባው በተቋሙ ስምና በሥራ መደቡ ኢሜይል ይሁን፤ ስሙ ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ይቆለፍ፤ መግቢያው በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠበቅ፤ በክሊራንስ ቅጹም ላይ «የዶሜን መግቢያ አስረክቧል» የሚል መስመር ይጨመር። የማብቂያ ቀኑ በሐምሌና በነሐሴ እንዳይውልም መጠንቀቅ ያሻል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ድረስ የአንድ ስም ኪራይ እንኳ ለመክፈል ሰነድ የሚፈርም ላይገኝ ይችላልና።