ጥላውን ከግቢያችን እንለካ



«እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በየት በኩል ናት?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ብዙዎቻችሁ «በደቡብ» ትሉ ይሆናል። ይህ መልስ ለለንደን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ትክክል ነው። እኛ የምንኖርባት ናይሮቢ ግን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 1.3 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ መልሱ እንደ ወሩ ይለያያል። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ትሆንና የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ትሻገርና ጥላው 41 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይሆናል። በመጋቢት 8 ገደማና በደመራ ሰሞን ፀሐይ በአናታችን ላይ ስለምታልፍ እንጨቱ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል።

ጥላው ወደ ደቡብ ወድቆ እያየ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብሎ ለሌላ አገር የተጻፈውን ደንብ የሚገለብጥ ልጅ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ መመርመርን ግን አልተማረም። እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው።

«ስልኩ በአንድ ጊዜ ይነግረን የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ይነግረናል። ነገር ግን ስልኩም ቢሆን መጀመሪያ የሚያጣራው የት እንዳለንና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ነው። ልጆቻችን መጀመሪያ ለክተው በኋላ በስልክ ቢያመሳክሩ እንመርጣለን።

የሰዓቱም ነገር ትምህርት አለው። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ናይሮቢ ከዚያ በስተ ምዕራብ 8 ዲግሪ ያህል ስለምትርቅና ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚታሰብ፣ ጥላ የሚያጥረው በአማካይ በ6 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ነው። በየካቲት መጀመሪያ እስከ 6፡47 ይዘገያል፤ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6፡16 ይቀድማል። «6 ሰዓት» ስንልም ልጆቻችን አይፈሩ። የስዋሂሊ ጎረቤቶቻችንም እኩለ ቀንን «ሳ ሲታ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው 6 ሰዓት ነው። ሁለታችንም ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጓጓን ግን ይህ ነው። በነሐሴ 24 ገደማ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በአናት ስለምታልፍ እዚያ የቆመ እንጨት ጥላው ይጠፋል። በዚያው ቀን በእኛ ግቢ የአንድ ሜትር እንጨት 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ይህ 10 ዲግሪ ገደማ የማዕዘን ልዩነት ነው። ሁለቱ ከተሞች በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ በ1,150 ኪሎ ሜትር ግድም ይራራቃሉ። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተነሥቶ የምድርን ዙሪያ፣ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን፣ ማስላት ይቻላል። ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት በግብፅ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ለእኛ ልጆች የሚያስፈልጋቸው አንድ እንጨት፣ አንድ ሜትርና አዲስ አበባ ላለች አያት ወይም አክስት መደወል ብቻ ነው።

መምህራን ክፍለ ጊዜው እንደሚጠብባቸው እናውቃለን። የምንጠይቀው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በወር አንድ ቀን፣ በምሳ ዕረፍት ዋዜማ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እንጨቱ በቱንቢ ቀጥ ብሎ ይተከል፤ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በየ5 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ምልክት ይደረግበት። አጭሩ ጥላ እኩለ ቀንንና የሰሜን-ደቡብ መስመርን ያሳያል። ማንም ልጅ ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳያይ ግን አደራ እንላለን፤ ሥራችን ከጥላው ጋር ነው።

ወላጆችም ማታ ልጃችሁን «ስንት አገኘህ? ስንት አገኘሽ?» ብላችሁ ጠይቁልን። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ሳይሆን «ለክቼ አየሁት» የሚል መልስ ስትሰሙ፣ ትምህርት ቤታችን ሥራውን እየሠራ እንደሆነ ታውቃላችሁ።