የጋምቤላ የወንዝ ወደብ የሥራ ቅርስነት ሲቃኝ

የዓባይ ውኃ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ሲጠቀስ መስማት የተለመደ ነው። የሚጠቀሰው ግን ሁልጊዜም ለማለት ይቻላል አንቀጽ 3 ነው። ይኸው አንቀጽ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቋርጥ ሥራን የሚመለከት በመሆኑ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ከእርሱ ቀጥሎ የሰፈረው አንቀጽ 4 ግን ብዙም አንባቢ ያገኘ አይመስልም። ኢትዮጵያ በምድሯ ላይ ስለነበራት የወንዝ ወደብ የሚናገረው ይህ አንቀጽ ነው።

በአንቀጹ መሠረት በባሮ ወንዝ ዳርቻ፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2 ሺህ ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። መሬቱ ለፖለቲካም ሆነ ለወታደራዊ ተግባር እንዳይውል ተከልክሏል። ኪራዩ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስከቆየች ድረስ ብቻ ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ከኢታንግ ሽቅብ፣ ዛሬ የክልሉ መቀመጫ በሆነችው በጋምቤላ ነው።

የቦታው ምርጫ በዘፈቀደ የተደረገ አልነበረም። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋማ መሬት ቁልቁል ተምዘግዝጎ ሜዳውን ሲያገኝ የሚረጋው በዚህ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ከማላካል አቅራቢያ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። የካርቱም የእንፋሎት መርከቦች ይህን መንገድ ተከትለው እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ይሁንና የሚደርሱት በክረምት፣ ወንዙ በሚሞላባቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በበጋ ባሮ ይጎድላል፤ መርከብም አይመጣም።

የወደቡን አሠራር ለመረዳት የሚሻ ባለሙያ ከዚህ ነጥብ መነሣት ይኖርበታል። ቡና የሚለቀመው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ከጎሬና ከሳዮ ወደ ቆላው የሚያወርደው መንገድ ለበቅሎ ጭነትና ለሸክም የሚመቸውም በበጋ ነው። በመሆኑም የዓመቱ ቡና ጋምቤላ የሚደርሰው መርከብ በሌለበት ወቅት ሲሆን፣ መርከቡ የሚደርሰው ደግሞ የደጋው መንገድ በጭቃ በሚዘጋበት ጊዜ ነው። ሁለቱን ወቅቶች የሚያገናኛቸው መጋዘኑ ነበር። በዘመኑ ይነግዱ የነበሩ የግሪክና የሶርያ ተወላጆች በመጋዘን ቡናና ሰም ሲያከማቹ ሰንብተው ክረምት ሲገባ ያስጭናሉ፤ በምትኩም ጨውና አቡጀዴ ያራግፋሉ። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ስለ ጋምቤላ ወደብ ሲወራ ዓይን የሚማርከው የመርከብ መጠጊያው ቢሆንም የወደቡ ልብ መጋዘኑ ነበር የሚል ነው። የቅርስ ጥናት ሲደረግም ቅደም ተከተሉ ይህንኑ ቢከተል ይበጃል።

ጣቢያው በ1928 ዓ.ም የጣሊያን ወረራ ከተከሰተ በኋላ በጠላት እጅ ገብቶ ነበር። በ1933 ዓ.ም ደግሞ ከቤልጂግ ኮንጎ የተንቀሳቀሰው ጦር በጋምቤላ በኩል አልፎ በሳዮ የነበረውን የጣሊያን ጦር እጁን እንዲሰጥ አድርጓል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃነቷን ስትቀዳጅ በውሉ የተቀመጠው ቅድመ ሁኔታ በመሟላቱ ጋምቤላ በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የየብስ መንገድ መስፋፋትና በደቡብ ሱዳን የተራዘመው ጦርነት የወንዙን ንግድ አዳክመውታል።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ በአንድ የጂቡቲ መስመር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የወደብ አማራጭ ጥያቄ የመንግሥትና የሕዝብ አጀንዳ ሆኖ መቀጠሉ ነው። ባሮ የዚህ ጥያቄ ምላሽ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ የሚያስኬድ ወንዝ የባሕር በርን አይተካም። ሁለተኛውና አጣዳፊው ምክንያት የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች መስፋፋቱ ነው። የወንዝ ዳርቻ ለከተማ ውበት ያለው ዋጋ በጨመረ ቁጥር በዳርቻው የቆመ አሮጌ ቆርቆሮ ቤት ዋጋው ይቀንሳል። የልማት ካርታ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ከዚህ ቤት የትኛው ተራ ጎተራ፣ የትኛው የዘመኑ የቡና መጋዘን እንደነበረ እንዲያውቅ አይጠበቅም። መረጃውን አስቀድሞ ሊሰጠው የሚገባው የባህልና የቅርስ መሥሪያ ቤት ነው።

ሕጉ በበኩሉ ጠባብ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰውን ልጅ የፈጠራ ብቻ ሳይሆን የጉልበት ውጤትንም ይጨምራል። በግንባታ ቁፋሮ ወቅት ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ለባለሥልጣኑ ማስታወቅና ያገኘውን መጠበቅ ግዴታው ነው። በተግባር ግን ቅርስ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ቤተ መንግሥት፣ ገዳም፣ መስጊድ ወይም ሐውልት ነው። ሚዛን፣ መጋዘን፣ የጉምሩክ መዝገብና የጭነት ማውረጃ ወደ ምዝገባ ቅጹ ሲገቡ እምብዛም አይታይም።

ጣቢያው በባዕድ የተከራየ በመሆኑ የእኛ ቅርስ ሊባል አይገባም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ክብደት ያለው ቢሆንም የተሟላ አይደለም። መርከቡ የሱዳን ነበር፤ ቡናው፣ በቅሎውና ሸክሙን የተሸከመው ጫንቃ ግን የኢትዮጵያ ነበር። ወንዙን ኦፔኖ ብለው የሚጠሩት አኙዋዎችም ሆኑ ኑዌሮች ከጣቢያው በፊትም በኋላም በዳርቻው ኖረዋል። በተጨማሪም መሬቱ የተመለሰው ውሉ ሲጻፍ የማብቂያው ሁኔታ አብሮ በመጻፉ ነው። ውል ለሚያረቅ የመንግሥት ባለሙያ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ከባሕር የራቀ ወደብ ሥራው ሲያበቃ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ በእንግሊዝ የምትገኘው የግሎስተር ከተማ ምላሽ ሰጥታለች። ግሎስተርን ከሴቨርን ወንዝ አፍ ጋር የሚያገናኘው 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦይ እ.ኤ.አ. በ1827 ተከፍቶ ከተማዋን የእህል ንግድ ማዕከል አድርጓታል። ንግዱ ሲቀዘቅዝ ባለ ብዙ ፎቅ የጡብ መጋዘኖቿ ባዶ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 የከተማው ምክር ቤት ከመጋዘኖቹ ቀዳሚ የሆነውን አድሶ ጽሕፈት ቤቱ አደረገው። ከሁለት ዓመት በኋላም በ1873 በተሠራ ሌላ መጋዘን ውስጥ የውኃ መንገዶች ሙዚየም ተከፈተ። ጠቃሚው ነገር ሌሎች እንዲያለሙ ከመጋበዝ ጎን ለጎን አስተዳደሩ ራሱ ገብቶ መሥራቱ ነው። ለቅርስ የተለየ በጀት ለማግኘት የሚቸገር መሥሪያ ቤት እንኳን ለቢሮ ኪራይ የሚያወጣው ገንዘብ አይጠፋም።

በእርግጥ ጋምቤላ ግሎስተር አይደለችም። የጡብ ግድግዳ መቶ ዓመት ባዶውን ሊቆም ይችላል፤ በሙቀት፣ በእርጥበትና በምስጥ መካከል ያለ እንጨትና ቆርቆሮ ግን ይህን ያህል አይታገሥም። ስለዚህ በጋምቤላ ከግንቡ ይልቅ መዝገቡና የሰው ቃል ይበልጥ ያሳስባሉ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የጋምቤላን ንግድ ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ድረስ በጥናት ፈትሸዋል። በሱዳን ያገለገሉ የእንግሊዝ ሹማምንት ወረቀቶች በዱራም ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በካርቱም በኩል ያለው ተስፋ ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2023 ከፈነዳው ጦርነትና ከብሔራዊ ሙዚየሙ መዘረፍ በኋላ አስተማማኝ አይደለም። የሰው ቃልን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጋምቤላ ስትመለስ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሸክም አውራጅ ዛሬ በሕይወት ካለ 90 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

የቅርስ ቆጠራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ጥቂት ባለሙያዎች፣ የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚያውቁ ጠያቂዎች፣ የድምፅ መቅጃና የመለኪያ መሣሪያ ይበቃሉ። የጊዜ ምርጫው ግን እንደ መርከቦቹ ሁሉ በወንዙ የሚወሰን ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት በሐምሌ ሲከፈት ባሮ ይሞላል፤ በዳርቻው ያለ የመጠጊያ ቅሪትም በውኃ ይሸፈናል። ወንዙ ጎድሎ ዳርቻውን በእግር መለካት የሚቻለው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በመሆኑ የሥራ ዕቅዱ ከሐምሌ በፊት ተጽፎ፣ ቡድኑም በጥር ጋምቤላ መድረስ ይኖርበታል።