ጡሩምባውን መልሱልን

«አሻሻልነው» የምትል ቃል አለች። እኔ ይህችን ቃል ስሰማ ኪሴን እዳብሳለሁ። በዚህ አገር አንድ ነገር «ተሻሻለ» ከተባለ፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ወጥቶ የማይሠራው ገብቷል ማለት ነዋ!

ነገሩ ወዲህ ነው። መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ አጎቴ ቤት አንድ ጡሩምባ ነበር። የእድሩን ጡሩምባ አላልኩም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ተሰቅሎ የምታዩት ዓይነት፣ አፉ የሰፋ፣ ግራጫ ላውድስፒከር ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለገበሬ ማኅበሩ መጣ። ልጅ ነበርኩ፤ ፊደሉም፣ መፈክሩም፣ የስብሰባ ጥሪውም ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምቻለሁ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የማኅበሩ ዕቃ ተበተነ። ቆርቆሮ የፈለገ ቆርቆሮ፣ ወንበር የፈለገ ወንበር ወሰደ። ጡሩምባውን የፈለገ አልነበረም። አጎቴ ሲያገኙት ዶሮ እንቁላል ጥላበት ነበር አሉ።

አጎቴ ገበሬ ናቸው እንጂ ራዲዮ ጠጋኝ አይደሉም። ደብረ ብርሃን ወስደው ለአንድ ጠጋኝ አሳዩት። ሰውየው ከጀርባው ያለውን፣ ለረጅም ሽቦ የተሠራውን ትራንስፎርመር አወጣና ሽቦውን በቀጥታ ከኮይሉ ጋር አገናኘው። ከዚያ በኋላ ጡሩምባው ባለአራት ድንጋይ ራዲዮ ላይ ተቀጥሎ፣ የድንጋይ ቤታቸው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ማሻሻል ማለት ይሄ ነው፤ አንድ የማያስፈልግ ነገር ወጣ፣ የሚሠራው ቀረ።

እንዴት በአራት ድንጋይ ቤት ይሞላል? በመንዝ ገደል ላይ ቆሞ ማዶ ያለ ሰው የተጣራ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነው የሚጣራው። ድምፁ አልጨመረም፤ አየሩን ጨብጦ መግፋት ቻለ እንጂ። ጡሩምባም እንደዚያው ነው። ከኋላው ያለችው ትንሽ ስስ ሽፋን ብቻዋን ብትርገበገብ አየሩ ይሸሻታል፤ ጠባቡ ጉሮሮ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሲሄድ ግን ግፊቷ ሳይባክን ይወጣል። ተራው የሳጥን ስፒከር ከሚጎርሰው ኤሌክትሪክ ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ነው ድምፅ የሚያደርገው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ደህና ጡሩምባ ከመቶ አሥሩን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ድምፅ ያደርጋል። ስለዚህ ግማሽ ዋት የምትሰጥ ራዲዮ ትበቃዋለች። መብራት በሌለበት፣ ቢኖርም በሚጠፋበት አገር ከዚህ የተሻለ ዘመናዊ ዕቃ የታለ?

ለነገሩ ቀንድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዚያው ከሸዋ፣ ከምንጃር የወጡት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ማይክሮፎን የሚባል ነገር ገና ለዚያ ሥራ አልዋለም። ዘፋኙ በቀንድ ውስጥ ይዘፍናል፤ የድምፁ ጉልበት ብቻ መርፌዋን እያንቀጠቀጠ ሰም ላይ ይጽፋል። ቤት ውስጥ ሲሰማም በግራሞፎኑ ቀንድ ነው። ጆሮውም አፉም ቀንድ ነበር።

ደግሞ የበገናው ነገር አለ። አጎቴ ሁዳዴ በገባ ቁጥር፣ ባናቸውን ደርበው፣ ራዲዮው በገና የሚያሰማበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። የእህቴ ልጅ (እመጣበታለሁ) «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቤዝ የለውም፣ በአፍንጫው ነው የሚያወራ» ይላል። እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ጡሩምባ ከሦስት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። የበገና አውታሮች መሠረታዊ ድምፅ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ታዲያ በገናው እንዴት ተሰማ? በእንዚራው! በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ያቺ የቆዳ ቁራጭ ድምፁን እያንጫረረች ብዙ ከፍተኛ ድምፆችን ትወልዳለች። ጡሩምባው እነሱን ያወጣል፤ የጎደለውን ወፍራሙን ጆሮ ራሱ ሞልቶ ይሰማዋል። ይህ የቅኔ ትንታኔ አይደለም፤ የጆሮ አሠራር ነው።

አሁን ወደ የእህቴ ልጅ። አዲስ አበባ የሚኖር፣ መልካም ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለፋሲካ ሄደና «ላሻሽልላችሁ» አለ። መጀመሪያ ጡሩምባውን ትልቅ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ ድብልቅልቁ የወጣ ጭፈራ ለቀቀበት። ከአቅሙ በታች የወረደ ቤዝ ሲመጣ ጡሩምባው ሽፋኗን አይዛትም፤ ልጓም እንደሌላት በቅሎ ትፈነጫለች። ተቀደደች። አንዲት ርካሽ ካፓሲተር በመሐል ገብታ ቢሆን ቤዙን ታግድለት ነበር። ልጁ ግን አላዘነም። ባለአምስት መቶ ዋት፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ሞንታርቦ አመጣና ጡሩምባውን ይዞ ሄደ።

ባለፈው ሁዳዴ ስደውል መብራት ከጠፋ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ሞንታርቦው ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አጎቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል። «ቤቱ ዝም አለ፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ አላሉም።

የሚቃወመኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ጡሩምባ ስንቱን ሕመምተኛ እንቅልፍ ነስቷል፣ ስንቱን ተማሪ አሰናክሏል፣ አንተ ታሞግሰዋለህ?» ይለኛል። ልክ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከበካዮቹ ቆጥሮታል፤ በየመንደራችን ማን እንደሚያከብረው እናንተው ታውቃላችሁ። ግን በሌሊት ሰፈር የሚቀሰቅሰው ጡሩምባው ነው ወይስ ቁልፉን እስከ መጨረሻው የሚያዞረው እጅ? ቤት ውስጥ ወደ ምሰሶ ዞሮ በግማሽ ዋት የሚያንሾካሹክ ጡሩምባ ጎረቤት ቀስቅሶ አያውቅም። እኛ ዕቃውን አናስተካክልም፤ ወይ እናስጮኸዋለን፣ ወይ እንጥለዋለን።

ወይም እንሰቅለዋለን። ልጁን ስጨቀጭቀው የሸጠበትን ነገረኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የባህል ምግብ ቤት ነው። ሄድኩ። ግራሞፎን አለ፣ መርፌ የለውም። በገና አለ፣ አውታሩ ናይለን፣ ያውም ስድስት ብቻ። የአጎቴ ጡሩምባ ወርቃማ ቀለም ተቀብቶ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ በጉሮሮው አምፑል ገብቶበታል።

ባለቤቱን አስጠራሁና «ይህ ይሠራል?» አልኩት።

«ለፎቶ ነው እንጂ ለድምፅ አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ፤ በትሕትና።

በቦርሳዬ ከመርካቶ የገዛሁት አዲስ ሽፋንና አንድ ካፓሲተር ነበሩ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ አምፑሉን ፍታውና ዋጋህን ንገረኝ አልኩት።